ጠጥቶ መንዳትን ከመነሻው ማስቀረት፦ ለደጋሽ፣ ለጓደኛ፣ ለቤተሰብና ለአሠሪ የሚሆን መመሪያ

ጠጥቶ ስለማሽከርከር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለጠጪው ነው። «ጠጥተህ አትንዳ» ይባላል፤ ሰውየውም ይሰማል፣ ይስማማል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግን ቁልፉን አንስቶ ይወጣል። ይህን የሚያደርገው የግድ ክፉ ወይም ደንታ ቢስ ስለሆነ አይደለም። አልኮል እጅና እግርን ከማዛሉ በፊት ማመዛዘንን ስለሚያደክም፣ «መንዳት እችላለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የደከመው አእምሮ ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት ይህ መመሪያ ለጠጪውም የሚሆን ነገር ቢኖረውም በዋናነት የተዘጋጀው በዙሪያው ላሉት ነው፤ ድግስ ለሚደግስ፣ ማዕድ ለሚጋራ፣ ሾፌር ለሚቀጥር፣ አብሮ ለሚሳፈር። የመጀመሪያው ብርጭቆ ከመቀዳቱ በፊት ያልተወሰነ ነገር ከአምስተኛው በኋላ ይወሰናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ጉዳቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጠጥ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የሚታወቀው ምርመራው በወጉ በሚካሄድባቸው አገሮች ብቻ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰካራም አሽከርካሪ ባለበት አደጋ 13,524 ሰዎች ሞተዋል። በእኛ አገር የአደጋ መዝገብ ላይ ግን «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» ወይም «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር» የሚሉ ምክንያቶች ሰፍረው እናገኛለን። አሽከርካሪው በሰዓታት ውስጥ ካልተመረመረ አልኮሉ ከደሙ ስለሚጠፋ፣ ከቅድሚያ መከልከሉም ሆነ ከፍጥነቱ ጀርባ የነበረው መጠጥ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የምናየው የመጠጥ አደጋ ቁጥር አነስተኛ ቢመስል ልንጽናና አይገባም።

ከቁጥሩ ይልቅ ጉዳቱን በቅርብ የሚያሳየው የሆስፒታል አልጋ ነው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ከሞት የተረፉትም ብዙ ጊዜ እግራቸው ተሰብሮ ይመጣሉ። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወዲያው ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎለት ለሳምንታት በጀርባው ይተኛል። መገላበጥ ስለማይችል ጀርባው እንዳይቆስል አስታማሚ ቀንና ሌሊት አጠገቡ መሆን አለበት፤ አስታማሚዋ ብዙውን ጊዜ ሚስት ወይም እህት ናት፤ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ ታድራለች፤ ጉልት ላይ የነበራት ንግድ ይዘጋል፤ የልጆቹ ትምህርት ይስተጓጎላል። ተጎጂው የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ገቢ የሚቆመው በዚያው ሌሊት ነው። በሌላው ወገን ያለው አሽከርካሪም እስር ቤት ይገባል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይዋጣል፣ መኪናው ይሸጣል። ሁለት ቤት በአንድ ምሽት ይፈርሳል፤ የሁለቱም ልጆች ምንም አልጠጡም።

መጠጡ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው

ከሚቀጥሉት ምክሮች በፊት ጥቂት ሂሳብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየማዕዱ የሚነገሩት «አልሰከርኩም» የሚያሰኙ ብልሃቶች የሚፈርሱት በዚህ ሂሳብ ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ጉበት ይህን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በአማካይ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ውስጥ ካለው አልኮል በዲሲ ሊትር 0.015 ግራም ያህል ይቀንሳል። ይህን ፍጥነት ቡና አይጨምረውም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ላይ መርጨትም፣ ሻወርም፣ ጥሬ ሥጋም፣ ማስታወክም አይጨምሩትም። ምግብ ከመጠጡ በፊት ከተበላ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል እንጂ የገባውን አያወጣውም። ቡና የጠጣ ሰካራም ነቃ ያለ ሰካራም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአሽከርካሪዎች የሚመክረው ጣሪያ በዲሲ ሊትር ደም 0.05 ግራም፣ ለወጣትና ለአዲስ አሽከርካሪዎች ደግሞ 0.02 ግራም ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የቆየው ጣሪያ 0.08 ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በታች መሆን ግን ደህና መሆን ማለት አይደለም፤ ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገርን የመከተል አቅሙና ትኩረት የሚዳከሙት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። የአሽከርካሪው እግር ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ መኪናው ተጨማሪ 8 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ የእግረኛ ማቋረጫ ሜዳ አህያውን ጨርሶ የሚያልፍ ርቀት ነው።

የማግስቱ ጠዋት ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስበው ስለሆነ ለብቻው መጤን አለበት። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 8 ቢራ ቢጠጣና ቤቱ በታክሲ ገብቶ ቢተኛ፣ ጥሩ አድርጓል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደ ሥራ ሲነዳ ግን በደሙ ውስጥ በዲሲ ሊትር ከ0.06 እስከ 0.07 ግራም ያህል ሊቀር ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠራው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። የትምህርት ቤት ሰርቪስ የሚነዳ ሰው ቢሆንስ? ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ መሪ የሚይዝ ሰው ማቆም ያለበትን ሰዓት የሚወስነው ወደ ኋላ ቆጥሮ ነው፤ ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ሁለት ሰዓት ያህል ቆጥሮ ትንሽ ማስረፊያ መተው አለበት።

ይህ ቆጠራ የሚሠራው ግን ጠርሙሱ ላይ መጠኑ ለተጻፈ መጠጥ ብቻ ነው። ጠጅ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ከጥንስሱ እስከ ቆይታው ድረስ የአልኮሉ መጠን ስለሚለዋወጥ አንድ ብርሌ ጠጅ ስንት ቢራ ነው ተብሎ አይሰላም። ፊልተር ጠላ ከቅራሪ ጋር አንድ አይደለም። አረቄማ ጨርሶ ሌላ ነው፤ ዳግም የወጣው አረቄ በመለኪያ ትንሽ ቢመስልም ጉልበቱ ከፋብሪካ መጠጥ አያንስም። በቤት ውስጥ መጠጥ «ሁለት ብቻ ነው የቀመስኩት» የሚለው አነጋገር ትርጉም ስለሌለው፣ ጠጅ ወይም አረቄ ለቀረበበት ቦታ የምመክረው ደንብ አንድ ነው፤ የቀመሰ አይነዳም።

ደጋሹ ማድረግ ያለበት

ከሁሉም ሰው ይልቅ አደጋውን መከላከል የሚችለው የቤቱ ባለቤት ይመስለኛል፤ የዚህን መመሪያ ሰፊ ቦታም ለእርሱ የሰጠሁት ለዚህ ነው። የእኛ መስተንግዶ እንግዳው እምቢ ሲል መለመንን ይጨምራል። «በሞቴ አንድ ብቻ!»፣ «አፈር ስሆን እንዲህማ አትሄድም!» ሲባል እምቢ ማለት ደጋሹን እንደማስቀየም ይቆጠራል፤ ስለዚህ በቃኝ ያለው እንግዳ ለክብር ሲል አንድ ይጨምራል። ይህን ልማድ ማጥፋት አያስፈልግም፤ አቅጣጫውን መቀየር ይበቃል። ልመናው በምግብ ይሁን፤ መኪና ይዞ ለመጣ እንግዳ ደግሞ ልመናው «እዚህ እደር» የሚል ይሁን። እንግዳን በግድ ማሳደር ባህላችን የሚያውቀውና የሚያከብረው ነገር ነው።

ሰርግ፣ ክርስትና፣ ልደት ወይም ምርቃት ሲደግሱ የሚከተሉትን ከድግሱ ዝግጅት ጋር አብረው ያስቡ። በመጀመሪያ፣ ከእያንዳንዱ መኪና ማን እንደሚነዳ እንግዳው ሲገባ ይጠየቅ። በር ላይ እንግዳ የሚቀበለው ሰው «ዛሬ መሪው ማን ጋር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ የሚነዳው ሰው ስሙ ከታወቀ በኋላ አስተናጋጆቹ የሚያቀርቡለት ለስላሳ፣ ብርዝ ወይም ውኃ እንዲሆን ይነገራቸዋል። ብርዝ ያልኩት አዲስ የተበጠበጠውን ነው፤ ከርሞ የፈላው ጠጅ ነው። ሁለተኛ፣ ጠርሙስ ገና ሳያልቅ የሚቀይር አስተናጋጅ ሰው የጠጣውን እንዳይቆጥር ስለሚያደርግ፣ ባዶው ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ ቶሎ እንዳይነሣ ያዙ። ሦስተኛ፣ መጠጡ ከመጨረሻው ሰዓት አስቀድሞ ይቁም፤ በቡናና በዳቦ የሚያልቅ ድግስ ሰዉን አያሰክነውም፣ ነገር ግን የመጨረሻውን ብርጭቆ ያስቀርና አንድ ሰዓት ያተርፋል።

የሰርግ አጃቢ መኪኖች ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሚዜዎች ከማለዳ ጀምረው እየጠጡ፣ እንቅልፍ ሳያገኙ፣ ጡሩምባ እየነፉ ተራ በተራ ለመቅደም የሚሽቀዳደሙበት፣ ካሜራ ያዡ በመስኮት ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ የሚቀርጽበት ጉዞ ምንም መጠጥ ባይኖርበት እንኳን አደገኛ ነው። ቤተሰቡ ለጌጥ አበባ ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ቀንሶ ለአጃቢዎቹ አንድ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ቢከራይ፣ ሾፌሩም ምሳውን በልቶ ከድንኳኑ ርቆ እንዲያርፍ ቢደረግ፣ ብዙ ነገር ይቀላል። ጥር ላይ ሰርግ በሚበዛበት ወቅት፣ እንዲሁም በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ማግስት ይህን የሚያስታውስ ሰው በየቤተሰቡ አንድ ቢኖር ጥሩ ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ እግረኛ ሆኖ የሚሄደው ሰካራም እንግዳ ነው። ቁልፉን ነጥቀው በእግሩ የላኩት ሰው ጨለማ መንገድ ላይ ሊገጭ ይችላል። እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙት፤ ቤት ስለመግባቱም ደውለው ያረጋግጡ።

ቁልፍ የሚቀበለው ሰው

ይህ የመመሪያው አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ቁልፍ መንጠቅ ጠብ ያስነሣል። ጠብን የሚቀንሱ አንዳንድ መንገዶች ግን አሉ። ዋናው ነገር ስካሩን አለማንሣት ነው። «ሰክረሃል» ከተባለ ሰው ክርክሩ ስለ ስካሩ ይሆናል፤ አልሰከርኩም ይላል፣ ቆሞ በአንድ እግሩ ያሳያል፣ ድምፁ ይጨምራል። ስለ መኪናው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ መንገዱ መናገር ይሻላል። ለእኩያ ጓደኛ «ስማ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ይደር፤ ጠዋት ቁርስ በልተን አብረን እናመጣዋለን» ይባላል። ለአንድ ታላቅ ሰው ደግሞ «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት እርስዎን እንዲነዱ አንፈቅድም፤ ልጁ ያደርስዎታል፣ መኪናውን እኔ ራሴ በጠዋት ይዤልዎት እመጣለሁ» ማለት ክብርን ይጠብቃል። ታናሽ ለታላቅ መናገር ካልቻለ፣ ቃሉ የሚሰማ ሌላ ታላቅ ሰው ይፈለግ፤ ለአጎት የሚናገረው ወንድሙ እንጂ የወንድሙ ልጅ መሆን የለበትም።

ቁልፉ እንዴት እንደሚገኝም አስቀድሞ ቢታሰብ ይመረጣል። ከመጀመሪያው ኮት የሚቀበል ሰው ካለ ቁልፍም አብሮ ይቀበል። መኪናው በሌላ መኪና የተዘጋ ከሆነ የዘጋው መኪና ባለቤት እንዳይቸኩል ይነገረው። አንድ ሰው ሲወያይ ሌላው ታክሲ ይጥራ፤ መኪናው በር ላይ ሲደርስና በሩ ሲከፈት ሰውየው እምቢ የማለት ዕድሉ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ የጥሪ ታክሲዎች ስላሉ «በዚህ ሌሊት ምን አገኛለሁ» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አይደለም፤ በክፍለ ሀገር ከተሞች ግን ማታ ባጃጅ ስለሚቀንስ፣ የታመነ የባጃጅ ሾፌር ስልክ አስቀድሞ መያዝና ሂሳቡን መስማማት ያስፈልጋል። ገንዘቡን ደጋሹ ወይም ጓደኞቹ አዋጥተው ይክፈሉ። ከሰካራም ጋር ስለ ታክሲ ሂሳብ መከራከር ከንቱ ነው።

ሁሉ ነገር ተሞክሮ ሰውየው ነድቶ ከወጣ፣ ወደ ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባ ወደ ፖሊስ 991 መደወል ያስፈልጋል፤ የመኪናውን ሰሌዳና የሄደበትን አቅጣጫ መንገር ይበቃል። ይህን ምክር ብዙ ሰው እንደ ክህደት ያየዋል። እኔ በበኩሌ ጓደኛዬን ትራፊክ ቢያስቆመው እመርጣለሁ፤ ከአስፋልት ዳር የቆመች አሮጊት ከምታስቆመው ያ ይሻለዋል።

ጫትና መጠጥ ሲደራረቡ

አደጋውን ከሚያባብሱት ሁሉ በእኛ አገር በደንብ ያልተነገረለት የጫትና የመጠጥ መደራረብ ነው። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ይጠጣል፤ ጨብሲ የሚባለው ይህ ነው። ጫት የሚያነቃቃ በመሆኑ የመጠጡ ድካም ለጊዜው አይሰማም፤ ሰውየው ንቁ እንደሆነ ያስባል፣ ዓይኑ አልተጨፈነም፣ አነጋገሩም አልተወላገደም። ስለዚህ ከወትሮው በላይ ይጠጣል፤ የሚያየውም ሰው ስካሩን አያስተውልበትም። የጫቱ ኃይል ሲያልቅ እንቅልፍና ስካር በአንድ ላይ ይመጣሉ፤ ያ የሚሆነው ደግሞ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዎ ቅሞ ከነበረ «ደህና ይመስላል» የሚለውን መመዘኛ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የጠጣውን ቁጥር እንጂ መልኩን አይዩ።

ሾፌር የሚቀጥር ሰው

በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ቀን በጫት ነቅቶ፣ ማታ በሚያድርበት ከተማ በቢራ ደንዝዞ፣ ንጋት ላይ እንደገና መሪ ይይዛል። ይህን ሰው «አትጠጣ» ብሎ ማስፈረም አይበቃም፤ እንዲህ እንዲኖር የሚያስገድደው የክፍያው ሥርዓት ስለሆነ። ክፍያው በምልልስ ብቻ ሲሰላ እንቅልፍ ኪሳራ ይሆናል። አሠሪው መጀመሪያ ማስተካከል ያለበት ይህን ነው፤ በቂ የዕረፍት ሰዓት በጉዞ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ፣ ለማደሪያ የሚሰጠው አበል መኝታ የሚያከራይ ይሁን፣ ዘግይቶ የደረሰ ሾፌር ደመወዝ እንዳይቆረጥበት ይደረግ።

ከዚህ ቀጥሎ ጠዋት ከመነሣት በፊት የትንፋሽ ምርመራ ነው። መመርመሪያው ከሳንባ ጥልቅ በሚወጣ ትንፋሽ ውስጥ ያለውን አልኮል ይለካል፤ አሁኑኑ የጠጣ ወይም አፉን አልኮል ባለበት ፈሳሽ የተጉመጠመጠ ሰው ውጤቱ ሐሰተኛ ከፍታ ሊያሳይ ስለሚችል 15 ደቂቃ ጠብቆ መድገም ያስፈልጋል። ምርመራው ሁሉንም እኩል ይንካ፤ የድርጅቱ ባለቤትም በሰልፉ ይግባ። አንዱን ብቻ ነጥሎ መመርመር ቂም ያተርፋል፤ ሁሉም ሲመረመሩ ግን የቢሮው ልማድ ይሆናል። ውጤቱ የታየበት ሾፌር በዚያ ቀን መኪና አይነካም፣ ደመወዙ ግን ለመጀመሪያው ጊዜ ባይቀነስ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚፈራ ሰው ይደብቃል።

ተሳፋሪም ድርሻ አለው። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ሾፌሩ የት እንደተቀመጠና ምን እንደቀረበለት ማየት ነውር አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ ካለ ብቻዎን አይጋፈጡት፤ ሦስት አራት ተሳፋሪ ሆናችሁ ረዳቱን አናግሩ፣ እምቢ ካለ አለመሳፈርና ወደ መናኸሪያው ስምሪት መደወል ይቻላል። ሦስት ሰው ያልተሳፈረበት መኪና ሾፌር ስለ ቀሪው መንገድ ያስባል።

ሕጉና ፍተሻው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። አሽከርካሪው በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አስገብቶ ሰው ከገደለ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። በገንዘብ በኩልም መጽናኛ የለም፤ የሦስተኛ ወገን መድንን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት የመደበው ካሳ ከ40,000 ብር አይበልጥም ነበር። መኪናዎ ሙሉ ኢንሹራንስ ካለው ውሉን አውጥተው ያንብቡት፤ በስካር የደረሰ ጉዳት በተለምዶ ከሽፋኑ ውጭ ነው።

ነገር ግን ከባድ ቅጣት መኖሩ ብቻውን ሰውን አያስጥለውም። ማንም ሰው ሲነሣ እገድላለሁ ብሎ አይነሣም፤ ስለዚህ 15 ዓመት እስራት ለእርሱ የተጻፈ አይመስለውም። የሚያስፈራው የመያዝ እርግጠኝነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1982 ጀምሮ ፖሊስ ምንም ምልክት ሳይጠብቅ ማንንም አሽከርካሪ አስቁሞ ትንፋሹን እንዲመረምር ፈቀደች፤ በመጠጥ ምክንያት የሚደርሱ የሞት አደጋዎችም ወዲያው ቀነሱ። ለውጡን ያመጣው «ዛሬ ሊያስቆሙኝ ይችላሉ» የሚለው ስጋት ነው። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ከታቀፉት ከተሞች አንዷ ሆና የትንፋሽ ፍተሻ ጀምራለች። የፍተሻው ጥቅም የሚጠፋው ቦታውና ቀኑ ሲለመድ ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ አድርጎ «ትራፊክ አለ» ብሎ ይነግራል፤ ሰካራሙም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይጠመዘዛል። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ብልጭ ሊያደርጉ ሲሉ እያስጠነቀቁ ያሉት ማንን እንደሆነ ያስቡ። በወረዳ ስብሰባ ወይም በአሽከርካሪዎች ማኅበር ውስጥ ድምፅ ያለው ሰው ሊጠይቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው፤ ፍተሻው በየሳምንቱ ቦታ ይቀያይር፣ ሌሊት ብቻ ሳይሆን ማለዳም ይካሄድ፣ ከአደጋ በኋላ የተገኘ አሽከርካሪ ሁሉ ወዲያው ይመርመር።

ዕድሮችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ቀብር የሚያስፈጽም ዕድር የአደጋውን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። ለድንኳንና ለወንበር የሚያወጣው ደንብ እንዳለው ሁሉ፣ በአባላት ሰርግ ላይ መኪና የሚነዱ ሰዎች ስም አስቀድሞ እንዲመዘገብ፣ ለሚያስፈልገው እንግዳም ማታ የሚያደርስ አንድ መኪና እንዲመደብ ቢወስን ከአቅሙ በላይ አይደለም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ

በውጭ የሚኖሩ ወገኖች በአገር ቤት ልማድ እንዳይዘናጉ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ጣሪያው 0.08 ሲሆን በዩታ 0.05፣ የከባድ መኪና ፈቃድ ይዞ ለሚሠራ ደግሞ 0.04 ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በታክሲና በኡበር ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው አንድ ጊዜ ከተፈረደበት እንጀራው ይቋረጣል፤ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ደግሞ ዜግነት ሲያመለክት መልካም ጠባይ እንደሌለው ሊገመት ይችላል። በእስራኤል ጣሪያው 0.05 ሲሆን ለአዲስ፣ ለወጣትና ለንግድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎች ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። በሳዑዲና በኩዌት መጠጡ ራሱ የተከለከለ ነው።

ደጋግሞ የሚጠጣ ቤተሰብ ሲኖር

እስከ አሁን የተባለው በአንድ ምሽት ለሚሳሳት ሰው ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ግን በድግስ ደንብ አይመለስም፤ የፍተሻ ፍርሃትም ብዙ አይይዘውም። ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስበው ይተባበረዋል፤ የመኪናውን ጭረት ያስጠግናል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ታሟል ብሎ ይደውላል፣ የትራፊክ ቅጣቱን ይከፍልለታል። መጀመሪያ የሚቆመው ይህ ነው። ቀጥሎ መኪናው ከእጁ ይውጣ፤ ሁለተኛው ቁልፍ የት እንዳለ ይፈለግ፣ ሊብሬው በሌላ ሰው ይቀመጥ፣ ቢቻል መኪናው ለጊዜው ዘመድ ቤት ይደር። ሚስት ብቻዋን ይህን ልታደርግ አትችልም፤ የምትደበደብበት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ እንድትሞክረው አይመከርም። ወንድሞቹ፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ፣ የሚያከብረው አለቃው አብረው ይምጡ፤ የሚመጡትም ሳይጠጣ ባለበት ሰዓት፣ በጠዋት ነው።

የመጠጥ ሱስ ሕክምና ያለው ሕመም መሆኑንም ይንገሩት። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊያስከትልበትና ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ ጸበልም ቢሄድ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ይቀበላል፤ በክልል ከተሞችም በሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል መጠየቅ ይቻላል። ሕክምናው ወራት ስለሚወስድ፣ መኪናው መቼ እንደሚመለስለት ገና ከመጀመሪያው ቀን ከእርሱ ጋር ተነጋግረው ይስማሙ፤ የሚመለሰውም ሐኪሙ ሲፈቅድና ቁልፉን የያዘው ሰው ሲስማማ ይሁን።